ስልሳ ጥያቄና አንድ ካልሲ

ከእስራኤል ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ባሕሩን አየሽው?» ይለኛል። አይቻለሁ። ትልቅ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ጨው ነው። ጣናን አይቶ ላደገ ሰው ብዙም አይደንቅም፤ ጉማሬ እንኳ የለበትም። ለእያንዳንዱ ሰው በር ላይ ቆሜ ከማወራ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ለባሕሩ ብሎ ያነሳው ካለ እዚህ ላይ ቢተወው አልቀየምም፤ እኔ የማወራው ስለ እኅቴ እግር ነው።

ጎንደር ውስጥ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ታላቅ እኅቴ እትዬ አዛነች ባሏ ከቤተ እስራኤል ወገን ስለነበር፣ ከሱና ከልጆቿ ጋር ወደዚያ ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው። ባሏ እዚያው አረፈ። እሷ አሁን ናታንያ ከምትባል ከተማ ከመጨረሻ ልጇ ከኦርሊ ጋር ትኖራለች። ስኳር አለባት። በስልክ «ስኳርሽ እንዴት ነው?» ባልኳት ቁጥር «ተመስገን፣ ምንም አይልም» ትለኛለች። ምንም የማይል ስኳር እኔ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ቪዛው እንደተገኘ ተነሣሁ።

ሰኞ

ሐምሌ ነው፤ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ዝናቡ እየደበደበን ሄድን። ሻንጣዬን ያሸጉልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። አንዷ ሽሮ ከተተች፣ አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ድርቆሽ፤ የኔ ልብስ በመጨረሻ በእጅ ቦርሳ ገባ። ቴል አቪቭ ስደርስ አንዲት ወጣት መኮንን በአስተርጓሚ «ሻንጣሽን ማን ነው ያሸገው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰፈሩ» አልኳት።

«ሰፈሩ ማለት ስንት ሰው ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። ሽሮው ተሸተተ፣ ድርቆሹ በመሣሪያ ታየ። በመጨረሻ ለምን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ እኅቴን ለማየት ነው አልኳት። «እኅትሽ ምን ሆና ነው?» አለች። «ምንም አልሆንኩም ነው የምትለው» ብዬ መለስኩ። አየችኝና አሳለፈችኝ። ኋላ ሳስበው፣ በዚያ አገር ከሰማሁት ጥያቄ ሁሉ ደህናው የሷ ነበር።

ኦርሊ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቴል ሞንድ በሚባል ጎረቤት ከተማ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛዋ ቤት ውስጥ ይጀምርና ደጅ ሲወጣ ዕብራይስጥ ይሆናል። «ዶዳ አስካለ፣ አትጨነቂ፣ ሃኮል ቤሴደር» አለችኝ፤ አክስቴ፣ ሁሉም ደህና ነው ማለቷ ነው። በዚያ ቤት ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ቤሴደር ነው። በመኪናዋ ስንሄድ መንገዱ በግ የለበት፣ ባጃጅ የለበት፣ ጉድጓድ የለበት፤ የሚያናድድ ነገር አጥቼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የሚኖሩት ሺኩን ቫቲኪም በሚባል ያረጀ ሰፈር ነው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እትዬ እስከ ታች ድረስ እየሮጠች ትመጣለች ብዬ ነበር፤ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አረጀች አልኩ በልቤ። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ ይዛ መጣች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ከመንገድ የገባ ሰው እግሩ ይታጠባል። እናታችን የሞተች መሰለሽ?»

እናታችን ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏታል። ግን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እግሬን ሰጠኋት። ታላቄ ተንበርክካ፣ በዚያ ሙቀት ነጭ ካልሲ እንዳደረገች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠበችኝ። ካልሲውን አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ

ጠዋት ፍሪጁን ልከፍት ስል ትልቅ የመንደሪን ሥዕል ተለጥፎበት አገኘሁ። ከሥሩ በዕብራይስጥ ተጽፎበታል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኩፓቸው ጋር የሚሠራ አንድ ድርጅት አለ። ኩፓ የሚሉት ሕክምና የሚያገኙበትን ተቋም ነው። ድርጅቱ ስኳርና ደም ብዛት ላለበት ሰው ማአመኔት ይመድባል፤ የጤና አሠልጣኝ ማለት ነው። አሠልጣኟ ታዲያ ከደም በፊት ጠባይ ትለካለች። ስልሳ ጥያቄ ትጠይቅሻለች፤ ከዚያ ብርቱካን ነሽ፣ ሎሚ ነሽ፣ መንደሪን ነሽ፣ ወይም ግሬፕፍሩት ነሽ ትልሻለች። እያንዳንዱ ፍሬ የሚመከርበት መንገድ የተለየ ነው። ሎሚን መጫን አይገባም። ብርቱካን ግብ ይሰጠዋል። ለስኳር በሽተኛ የፍራፍሬ ስም ማውጣት የማን ሐሳብ እንደሆነ ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ የለም።

በሩ ሥር አዲስ ነጭ የስፖርት ጫማ ተቀምጧል። እሱም ከአሠልጣኟ ከሊአት የተሰጠ ነው። እጇ ላይ ደግሞ እርምጃ የሚቆጥር አምባር አለ። እኅቴ፣ ከብት ስትከተል ያደገች ሴት፣ መራመድ እየተማረች ነው። «በቀን አሥር ሺ» አለችኝ በኩራት። «ሊአት ደስ ይላታል።»

«የኩፓው ነርስስ ታይሻለች?»

«ቀጠሮ ነበረኝ። ሊአት ታየኝ የለ፤ ሁለቱን ምን አደክማለሁ ብዬ ተውኩት።»

እኔም ደግ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ጎረቤት ሲገባና ሲወጣ ዋለ። ከታች ፎቅ ያለች የሞሮኮ አሮጊት በቀይ በርበሬ የተሠራ ዓሣ ይዛ መጣች፤ በምልክት «ብዪ» እያለች ሁለት ሰዓት አጠገቤ ተቀመጠች። ሆዴ እስኪነፋ በላሁ። ቋንቋ ሳይኖር እንዲህ የሚግባባ ሰው ስንቱን ቅጽ ያስንቃል።

ረቡዕ

ሊአት ከራማት ፖሌግ በመኪናዋ መጣች። ራማት ፖሌግ ከከተማው በስተደቡብ፣ ባሕሩ አጠገብ ያለ የደላው ሰፈር ነው፤ እዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው ለጤናው ብሎ እንጂ ጉዳይ ኖሮት አይደለም። ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሳቂታ ናት፣ እትዬን ስታቅፋት ከልቧ ነው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ባዶ እግሯን ገባች። እትዬ ምግብ ደረደረች። ሊአት ታብሌቷን አወጣች። ሁለት ወር ስላለፈ ጠባይ እንደገና ይለካል።

ኦርሊ አስተርጓሚ ሆነች። አንድ ማለት ፈጽሞ አልስማማም፣ አምስት ማለት በጣም እስማማለሁ ነው።

«በሰዎች መካከል ስሆን ጉልበት አገኛለሁ» አለች ኦርሊ እያነበበች።

«ሰዎቹ እነማን ናቸው?» አለች እትዬ። «ለቅሶ ከሆነ ጉልበት ያልቃል። ሠርግ ከሆነ ደግሞ ማን ነው የሚሠራው? የወንድምሽ ሠርግ ጊዜ ስንት ቀን ቆሜ እንደዋልኩ አንቺም ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ዶሮው እንኳ የመጣው…»

የዶሮው ነገር ሲያልቅ ኦርሊ ወደ ሊአት ዞራ «ሻሎሽ» አለች። ሦስት ማለት ነው። ሊአት ነካ አደረገችው።

«የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ አልተውም።»

እትዬ ራሷን ታመስግን? ሰው ያመስግናት እንጂ! ዞራ እኔን አየችኝ። «አምስት በያት እንጂ፣ ይህን ሁሉ ልጅ አሳድጋ!» አልኩ። አምስት ተጻፈ።

«ሲከፋኝ ለሌላ ሰው እናገራለሁ።»

እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ለእግዚአብሔር እናገራለሁ። እሱ ሰምቶ ሲያበቃ ለሰው የሚተርፍ አይኖርም» አለች።

ኦርሊ ትንሽ አሰበች። «አርባዕ» አለች። አራት። ሊአት ፈገግ ብላ አውራ ጣቷን አነሳች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስልሳ ደረስን። መጨረሻ ላይ አምስት ፊቶች ተሥለዋል፤ ከሚያለቅስ እስከ ጥርሱን የሚያሳይ። «ዛሬ እንዴት ነሽ?» ነው ነገሩ። እትዬ ጥርሱን የሚያሳየውን ነካች። ሊአት ከሄደች በኋላ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ከዚያ ድረስ ደክማ መጥታ፣ የሚያለቅስ ፊት ላሸክማት?» አለችኝ።

ውጤቱ አሁንም መንደሪን ነው። ሊአት አነበበችው፣ ኦርሊ ተረጎመችው፤ «መንደሪን ልጣጯ ስስ ነው። በቀላሉ ትከፈታለች። የምትደብቀው ነገር የላትም። ለምትወደው ሰው ስትል ትደክማለች።» ምክሩም፣ «ኮርቼብሻለሁ» እየተባለች እርምጃዋ ይጨመርላት የሚል ነው።

እኛ ጋ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤትሽ ስትገባ ጠባይሽን አትጠይቅም። ዞር ብላ ሽንት ቤትሽን ታያለች። ያስቆጣል፣ ስንቱ ተጣልቷታል፤ ግን አይታ ነው የምትወጣው። ይህን ለኦርሊ እያወራሁ ስስቅ ሊአት «እሷም ትሞክር» አለች። እንግዳ ነኝና እሺ አልኩ። ስልሳውን መለስኩ። ግሬፕፍሩት ሆንኩ። «ልጣጯ ወፍራም፣ አንደበቷ መራራ፤ ግን አስተዋይ ናት፣ ከዓይኗ ምንም ነገር አያመልጥም።»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ያንን ቅጽ ሳሾፍበት የዋልኩት ሴት፣ ስለ ራሴ የተናገረውን ኦርሊን ሁለት ጊዜ አስነብቤያታለሁ። ይህ ቅጽ እኮ ሁሉንም አልሳተም አልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ለእርምጃው ወደ ባሕሩ ሄድን። ኦርሊ ወደ ሥራ ስታልፍ ዳሩ ላይ አወረደችን። ከተማው ገደል አፋፍ ላይ ነው የተሠራው፤ ወደ አሸዋው የሚወርዱት በሊፍት ነው። ቤታችን ሊፍት የለውም፣ ገደሉ ግን አለው። ጎንደር ቢሆን ገደል የሚወርድ ሰው ጉልበቱን ይዞ ነው የሚወርደው ብዬ አጉረመረምኩ። እትዬ ሳቀች።

አሸዋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባዶ እግሩን ነው። እኔም በስንት ዘመኔ ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እትዬ ነጭ ጫማዋንና ካልሲዋን እንዳደረገች ትራመዳለች። «አውልቂው እንጂ» አልኳት። «ደግ ነው እንዲህ» አለች። ጨዋነት ነው አልኩ። ትንሽ እንደሄድን ወደ ግራዋ ዘንበል ስትል አየሁ። «ጉልበቴ ነው» አለች። ዕድሜ ነው አልኩ። ከዓይኗ ምንም የማያመልጣት ግሬፕፍሩት!

እቤት ስንገባ ጫማዋ ውስጥ አሸዋ ሞልቷል። ሳፋውን አነሳሁ።

«ዛሬ በተራዬ ነው» አልኳት።

«ኧረ ተይ፣ አይሆንም።»

«ቁጭ በይ።»

«እኔ ታላቅሽ ነኝ፣ አይሆንም አልኩሽ።»

«ቁጭ በይ እትዬ።»

«አስካለ፣ በእናቴ!»

እኛ ሰዎች ምግብ ሲቀርብልን እንኳ ሦስት ጊዜ እምቢ ሳንል አንበላም። ሦስቱን ቆጠርኩና ደንቡ ሞላ ብዬ ተንበረከክሁ። የግራውን ካልሲ አወለቅሁ፣ አጠብኩ። ወደ ቀኙ ስሄድ እግሯን ሰበሰበች። ያዝኩት። ካልሲው አልወጣ አለኝ። ጣቷ ሥር ተጣብቋል።

ሽታውን ካፍንጫዬ በፊት እጄ አወቀው መሰለኝ። በውሃ እያራስኩ ላጥኩት። ከአውራ ጣቷ ሥር የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቁስል፣ ዙሪያው ጠቁሮ፣ መሐሉ ጎድጉዶ፣ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ተሸፍኗል።

«አያመኝም እኮ» አለች ቶሎ ብላ። «አያምም፣ ምንም አይልም።»

ስኳር ያለበት ሰው የማያመው ቁስል ነው እግር የሚያስቆርጠው። የሚያመው ይጮሃል፣ ሐኪም ይደርስበታል። ይህን ለስንት ገበሬ አስተምሬ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጫማውን ከሰጠችኝ ወዲህ። ይጠብበኛል።»

«ታዲያ ጠበበኝ አትያትም?»

«አንቺ ደግሞ! የሰጡትን ጫማ ጠበበኝ ይባላል? ልክሽ ነው ወይ አለችኝ፤ ልኬ ነው አልኳት።»

«ለኔስ? ለኔ እንኳ?»

ሳፋውን አየችው። «በስንት ዓመትሽ መጥተሽ፣ ሳትበዪ ሳታርፊ ቁስል ላሳይሽ? ልትሄጂ ስትይ ልነግርሽ ነበር።»

ተናደድኩ። በሊአት ላይ መናደድ ቀላል ነበር፤ እሱንም አደረግኩት። የባሰው ግን በራሴ ነው። ሠላሳ ዓመት ቁስል አጥቤ፣ አራት ቀን ሙሉ ካልሲዋን እያየሁ ንጹሕ ነው፣ ጨዋነት ነው፣ ዕድሜ ነው እያልኩ አለፍኩት። ሁለት ወር በቆሰለ እግር በቀን አሥር ሺ ጊዜ ስትረግጥ የኖረችው፣ ልጅቱ «ኮርቼብሻለሁ» እንድትላት ነው።

ኦርሊ ሥራዋን ጥላ መጣችና ኩፓው ወሰደችን። ሐኪሙ አጭር፣ ፊቱ የደከመው ሰው ነው። ስለ ጠባይዋ አልጠየቀም። «ጫማሽን አውልቂ» አለ፣ በቃ። ጠረገ፣ ቆረጠ፣ በቀጭን ብረት ጥልቀቱን ለካ። ኦርሊ ተረጎመችልን። አጥንት አልነካም። ሌላ ጥቂት ሳምንት ቢራመዱበት ኖሮ ጣቱ፣ ምናልባትም እግሩ ይሄድ ነበር። መድኃኒት ሰጠን፤ እርምጃ ከለከለ። እትዬ አምባሯን ፈታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት «ሊአት ታዝንብኛለች» አለች።

ዓርብ

ሊአት በጠዋት አበባና የሰንበታቸውን፣ የሻባትን፣ ዳቦ ይዛ መጣች። ኦርሊ ነግራታለች። የምለውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ጠብቄያት ነበር፤ የታሸገውን እግር ስታይ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የሚያለቅስ ሰው መሳደብ አልችልም፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ ባከነ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በኦርሊ በኩል። «ስንት ነገር ጠይቄሽ?»

እትዬ ፀጉሯን ዳበሰቻት። «የኔ ልጅ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ። እንግዳን እግሩን ያጥቡታል እንጂ ቁስል አያሳዩትም» አለቻት።

ኦርሊ ይህን ስትተረጉም እንደ ሌላው ጊዜ በቁጥር አላሳጠረችውም። ቃል በቃል ነው ያደረሰችው።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ አልጽፍም፤ አንድ ዓይነት ናቸው። ጠዋት እግር አጥባለሁ፣ ቁስል አሽጋለሁ፣ ያቺ የሞሮኮ አሮጊት ምግብ ታመጣለች፣ እትዬ ተነሥታ ልታስተናግድ ስትል እኔ እጮሃለሁ። ኢየሩሳሌምን ሳላይ ተመለስኩ። ይህን ስናገር ጎረቤቶቼ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ እኔ ግን አልቆጨኝም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ልሄድ ስል፣ ሊአት እየሳቀች መጣች። ለአለቆቿ ነግራ ቅጹ ተሻሽሏል። ስልሳ አንደኛ ጥያቄ ተጨምሯል። ኦርሊ አነበበችልን፤ «እግሬ ላይ ቁስል የለም። ከአንድ እስከ አምስት፣ ምን ያህል ይስማማሉ?»

እትዬ እግሯን አየች፣ ሊአትን አየች። ቁስሉ ገና አልደረቀም፤ ልጅቱ ደግሞ ደክማለች።

«ሦስት» አለች።

አሁን እቤቴ ነኝ። በየእሑዱ በስልክ ፊት ለፊት እየተያየን እናወራለን። ሰላምታውን ሳንጨርስ «ካልሲ» እላታለሁ። «አዬ ግሬፕፍሩት» ትለኛለች፣ ታጉረመርማለች፣ ጎረቤት አለ ትላለች። ኋላ ኦርሊ ስልኩን ዝቅ ታደርገዋለች፣ እትዬም ካልሲዋን ታወልቃለች። ንጹሕ እግር፣ ለስላሳ፣ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ይኸው፣ ተመስገን፣ ምንም አይልም» ትላለች።

ግራው ነው። ሁልጊዜ የምታስቀድመው ግራውን ነው።

«ሌላኛውን፣ እትዬ» እላታለሁ።